ስለ በሽተኛ መዝገብ፤ በወረቀትና በኤሌክትሮኒክ መሣሪያ ስለ መጻፉ

በሽተኛ ወደ ሐኪም ቤት በሄደ ጊዜ ሐኪሙ የሚጠይቀው የዛሬውን ሕመም ብቻ አይደለም። ከዚህ ቀደም ምን ሕመም ነበረብህ፥ ምን መድኃኒት ወሰድህ፥ ያልተስማማህስ የትኛው ነው ብሎ ይጠይቃል። በሽተኛውም ብዙ ጊዜ የሚመልሰው «ነጭ ኪኒን ሰጡኝ» ወይም «መርፌ ወጉኝ» ብሎ ነው። ነጭ ኪኒን ግን እጅግ ብዙ ዓይነት ስለ ሆነ ይህ መልስ ለሐኪሙ አይረዳውም። መዝገብ ያስፈለገውም ስለዚህ ነው።

ለምሳሌ በሞረትና ጅሩ ወረዳ ከእነዋሪ ራቅ ካለ ቀበሌ የመጣች ነፍሰ ጡር እናት ትኑር። በአራተኛ ወርዋ የደም ግፊትዋ 100 በ60 ሆኖ ተጻፈ እንበል። በስምንተኛ ወርዋ ራሴን አመመኝ ብላ መጥታ ግፊቱ 135 በ85 ቢገኝ፥ የቀድሞውን ያላየ ሰው ደኅና ነሽ ብሎ ሊያሰናብታት ይችላል፤ በሽታ ነው የሚባለው ግፊት 140 በ90 ሲደርስ ነውና። የቀድሞውን ያነበበ ግን ልኩ ምን ያህል እንደ ጨመረ አይቶ ሽንትዋን ይመረምራል፤ በጥቂት ቀንም ተመልሳ እንድትታይ ያዛል፤ ነገሩ የከበደ እንደ ሆነም ሳይመሽ ወደ ደብረ ብርሃን ይልካታል። በክረምት የጅሩ ጥቁር መሬት እግረኛውንም መኪናውንም እንዴት እንደሚይዝ የአገሩ ሰው ያውቀዋልና፥ አንድ ቀን ቀድሞ መነሣት የእናቲቱና የልጁ ሕይወት ነው። ያ ቍጥር ከእርስዋ ጋር ካልሄደ ግን በደብረ ብርሃን ያለው ሐኪም ሥራውን እንደ አዲስ ይጀምራል።

በሐኪም ቤት «ካርድ ማውጣት» የሚባለው ነገር መሠረቱ ቀላል ነው። በሽተኛው አንድ ቍጥር ይሰጠዋል፤ የእርሱ ማኅደርም በዚያ ቍጥር ተራ በመደርደሪያ ይቀመጣል። ይህ ሥርዐት በዓለም ላይ ከጥንት የነበረ አይደለም። በአሜሪካ በሮቸስተር ከተማ በማዮ ሐኪም ቤት እያንዳንዱ ሐኪም በየራሱ መዝገብ ይጽፍ ነበርና፥ አንድ ሰው በሦስት ሐኪም ቢታይ ታሪኩ በሦስት መጽሐፍ ተበታትኖ ይቀር ነበር። ሔንሪ ፕላመር የተባለው ሐኪም በፈረንጆች አቈጣጠር በ1907 ዓ.ም. ለአንድ በሽተኛ አንድ ቍጥርና አንድ ማኅደር እንዲሆን አደረገ። ዛሬ በወረቀትም ሆነ በኮምፒዩተር የሚሠራው ሁሉ ይህንኑ ይከተላል።

በአገራችን የጤና ኤክስቴንሽን ሥራ ከ1995 ዓ.ም. ወዲህ ሲስፋፋ፥ በጤና ኬላ የቤተሰብ ማኅደር የሚባል ተጀመረ፤ ይኸውም የአንድ ቤት ሰዎች ካርድ በአንድ መያዣ የሚቀመጥበት ነው። ከማኅደሩ ጋር በወራት የተከፈለ ሣጥን አለ። በጥቅምት መመለስ የሚገባት እናት ካርድዋ በጥቅምት ክፍል ይገባል፤ ወሩ ሲያልቅ በዚያ ክፍል የቀረው ካርድ ያልመጣው ሰው ነውና፥ ሠራተኛዋ ወደ ቤቱ ሄዳ ትፈልገዋለች። መብራት የማይጠይቅ፥ የማይበላሽ፥ ብልህ አሠራር ነው።

ዳሩ ግን ወረቀት ብዙ ጕድለት አለበት። በአንድ ጊዜ በአንድ ስፍራ ብቻ ይገኛል፤ ካርዱ ከላቦራቶሪ ሳይመለስ መድኃኒት ቤቱ አያየውም። የችኩል ሐኪም ጽሕፈት አይነበብም። ጣራ ያፈሰሰበት፥ አይጥ የበላው፥ ከተራው ወጥቶ በሌላ ቍጥር መካከል የተሰካ ማኅደር እንደ ጠፋ ይቈጠራል። በየአብያተ ክርስቲያናቱ በወንጌል ብራና ባዶ ገጽ ላይ የተጻፈ የርስት ስጦታ እስከ ዛሬ ይነበባል፤ የካርድ ክፍል ወረቀት ግን እንደ ብራና አይደለም።

የኤሌክትሮኒክ መዝገብ እነዚህን ያቃልላል። አንዱ የጻፈውን ሌላው በሌላ ክፍል ሆኖ ያያል፤ ፔኒሲሊን የማይስማማው ሰው ፔኒሲሊን ቢታዘዝለት መሣሪያው ሊያስጠነቅቅ ይችላል። በኬንያ በሞሶሪዮት በገጠር ጤና ጣቢያ ከ1993 ዓ.ም. ጀምሮ እንዲህ ያለ መዝገብ ሠርቷል። በኢትዮጵያም የየጤና ድርጅቱ የቍጥር ሪፖርት በኮምፒዩተር መተላለፍ ጀምሯል፤ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞችም በታብሌት ቤተሰብ መመዝገብ ጀምረዋል። እዚህ ላይ ሁለቱን መለየት ይገባል፤ ሪፖርት ስንት ሕፃናት እንደ ተከተቡ ይናገራል፤ መዝገብ ግን የትኛው ሕፃን እንዳልተከተበ ይናገራል። ለእናቱ የሚጠቅማት ሁለተኛው ነው።

መሣሪያው የሚሰናከልበት ግን ሩቅ አይደለም፤ ከስም ይጀምራል። «ፀሐይ» የሚለውን አንዱ ጸሐፊ በ«ጸ» ሌላው በ«ፀ» ይጽፋል፤ «ዓለሙ»ም «አለሙ» ይሆናል፤ «ኃይለ ማርያም» አንድ ጊዜ ተለያይቶ ሌላ ጊዜ ተጋጥሞ ይጻፋል። ለሚያነብ ሰው ሁሉም አንድ ነው፤ ለኮምፒዩተር ግን አንድ መሆናቸው አስቀድሞ ካልተነገረው ልዩ ልዩ ሰዎች ናቸው። በላቲን ፊደል ሲጻፍማ መለያየቱ ይብሳል። ስማቸውም የአባታቸውም ስም አንድ የሆነ ሰዎች በአንድ ቀበሌ ብዙ ናቸው፤ ክርስትና ስሙን የሚናገርም አለ። ስለዚህ የአያት ስም፥ የእናት ስምና የተወለዱበት ዓመት አብረው ሊጻፉ ይገባል። በአዋጅ ቍጥር 1284/2015 የተደነገገው የፋይዳ መታወቂያ ባለ 12 አኃዝ ቍጥር ይህን ችግር ሊያቃልል ይችላል፤ ነገር ግን ቍጥሩን ያላወጣ በሽተኛ ከበር ሊመለስ አይገባም።

ሁለተኛው የዘመን አቈጣጠር ነው። በእኛ 2016 ዓ.ም. የተወለደ ሕፃን በፈረንጆች 2016 ተብሎ ቢገባ፥ ሰባት ወይም ስምንት ዓመት ያረጃል፤ የዘጠኝ ወር የኩፍኝ ክትባቱም ጊዜው ያለፈ ይመስላል። ሰዓቱም እንዲሁ ነው። «በሁለት ሰዓት ይሰጥ» የተባለው ጧት መሆኑ በመሣሪያው 8 ተብሎ ካልተጻፈ የመድኃኒቱ ሰዓት ይዛባል።

ሦስተኛው ኃይልና መገናኛ ነው። በ2015 ዓ.ም. ማብቂያ በአማራ ክልል የስልክ ኢንተርኔት ተቋርጦ ለብዙ ወራት ቈየ። በዚያ ጊዜ ያለ መረብ የማይሠራ መዝገብ ቢሆን የተከፈተ በር ላይ የተዘጋ መጽሐፍ ነው። በዚህ ምክንያት የጤና ኤክስቴንሽኑ ታብሌት የተጻፈውን በውስጡ ይዞ፥ መረብ ሲገኝ ብቻ እንዲያስተላልፍ ተደርጓል፤ ትክክልም ነው። በ2014 ዓ.ም. መጀመሪያ ጦርነቱ ወደ ደሴና ወደ ሰሜን ሸዋ በደረሰ ጊዜ ደግሞ በክልሉ ብዙ የጤና ድርጅቶች ተዘርፈዋል፤ ወረቀቱም ኮምፒዩተሩም አልዳነም። በሌላ ስፍራ ቅጅ ያልተቀመጠለት መዝገብ በምንም ቢጻፍ አንድ ነው፤ ልዩነቱ ኤሌክትሮኒኩን መገልበጥ መቅለሉ ብቻ ነው።

ምስጢርም አለ። ማኅደር የሚሰርቅ ሰው አንድ ማኅደር ይሰርቃል፤ በኮምፒዩተር የገባ ሌባ ግን የሁሉን ይወስዳል። በግንቦት 2009 ዓ.ም. በእንግሊዝ አገር ብዙ ሆስፒታሎች ኮምፒዩተራቸው በክፉ ፕሮግራም ተቈልፎባቸው በሽተኛ ለመመለስ ተገድደዋል። በአገራችን የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቍጥር 1321/2016 ወጥቷል፤ ነገር ግን አንዱን የይለፍ ቃል ለአምስት ሠራተኛ ማካፈል አዋጁን ከንቱ ያደርገዋል። በኤች አይ ቪ ወይም በሥጋ ደዌ የተያዘ ሰው ነገሩ በገበያ ከተሰማ ዳግመኛ ወደ ሐኪም ቤት ላይመጣ ይችላል።

እንግዲህ የትኛው ይሻላል ቢባል፥ መብራትና ባለሙያ ባለበት ስፍራ ኤሌክትሮኒኩ ይሻላል፤ ይህ በሌለበት ግን የወራቱን ሣጥን ማፍረስ ስሕተት ነው። ከሁሉ የሚከፋው ሁለቱን ለዘላለም አብሮ መጻፍ ነው። አንዲት የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ በቀን የጐበኘችውን ቤት በወረቀት ጽፋ ደግሞ በታብሌት ስትጽፍ፥ ለሚቀጥለው ቤት የሚሆን ሰዓት ታጠፋለች። መሸጋገሪያው የሚያልቅበት ቀን አስቀድሞ ሊወሰን ያስፈልጋል።

መምህሩ በትምህርት ቤት ልጆች ስማቸውን ከነአባትና ከነአያት ሁልጊዜ በአንድ ዓይነት ፊደል እንዲጽፉ፥ የተወለዱበትንም ቀን በሁለቱም አቈጣጠር እንዲያውቁ ያስተምራል። ሽማግሌውም በቤቱ ያለውን የካርድ ቍጥር፥ የእናቶችንና የሕፃናትን የክትባት ካርድ በአንድ ከረጢት ከጢስና ከውሃ ርቆ እንዲቀመጥ ያደርጋል፤ ወደ ሐኪም ቤት የሚሄደውም ሰው ከረጢቱን ይዞ ይሄዳል።