ማግኔት የሚሰበስበው ዱቄትና ፍሎራይድ የበዛበት ውሃ

በስምጥ ሸለቆ የምትሠሩ የልማት ሠራተኞች ፍሎራይድ የበዛበት የጉድጓድ ውሃ በጥርስና በአጥንት ላይ የሚያደርሰውን ጉዳት በዓይናችሁ ያያችሁት ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ያስቀመጠው ወሰን በሊትር 1.5 ሚሊግራም ነው። ውሃውን ማፍላት ፍሎራይዱን አያስወግደውም፤ እንዲያውም ውሃው በተነነ መጠን በቀረው ውስጥ ይበረታል። ለዚህ ችግር በላቦራቶሪ ከሚጠኑት ዘዴዎች አንዱ በማግኔት የሚሰበሰብ እጅግ የደቀቀ የብረት ኦክሳይድ ዱቄት ነው።

የዱቄቱ መሠረት ማግኔታይት ሲሆን እንግዳ ነገር አይደለም። ከአሮጌ ራዲዮ ድምፅ ማጉያ የወጣ ማግኔት በወንዝ አሸዋ ላይ ሲጎተት ከሚለጠፍበት ጥቁር ቅንጣት ውስጥ ይገኛል። ቅንጣቱ እስከ 10 ናኖሜትር ሲደቅ፣ ይኸውም የአንድ ሚሊሜትር መቶ ሺኛ ሲሆን፣ ጠባዩ ይለወጣል። ማግኔት ሲቀርበው ይሳባል፤ ሲርቀው ማግኔትነቱን ይተዋል። ስለዚህ በውሃ ውስጥ ተበትኖ ይሠራል፣ በኋላም ይሰበሰባል።

ዚንክ ራሱ በማግኔት አይሳብም፤ በልክ ሲጨመር ግን የማግኔታይትን ጉልበት ያሳድጋል። ነገሩ እንደ ገመድ ጉተታ ነው። የብረት አቶሞቹ በሁለት ወገን ሆነው በተቃራኒ ይጎትታሉ፤ የአንዱ ጉልበት 9፣ የሌላው 5 ቢሆን የሚተርፈው 4 ነው። ዚንኩ በደካማው ወገን ቦታ ስለሚገባ ተቃዋሚው ያንሳል፣ ትርፉ ይጨምራል። ሲበዛ ግን ወገኖቹን የሚያያይዘው ኃይል ላልቶ ጉልበቱ ይወድቃል። ኮባልት ደግሞ ቅንጣቱ ማግኔትነቱን ይዞ እንዲቆይ ስለሚያደርግ፣ ወደ ውሃው ቢሟሟም ለጤና ስለሚያሰጋ፣ ለዚህ ሥራ አንመርጠውም።

ዋናው ነገር ማግኔቱ የሚስበው ዱቄቱን እንጂ ፍሎራይዱን አለመሆኑ ነው። ፍሎራይድን የሚይዘው የቅንጣቱ ገጽ ነው፤ ለዚህም ብዙ ጊዜ በአሉሚኒየም ወይም በዚርኮኒየም ኦክሳይድ ይለበጣል። አንድ ሻጭ በብርጭቆ ውስጥ ጥቁሩን ዱቄት በማግኔት ሰብስቦ የጠራ ውሃ ቢያሳያችሁ፣ ያሳያችሁ የዱቄቱን መውጣት ብቻ ነው። በውሃ ውስጥ ያለ ፍሎራይድ በዓይንም በምላስም አይለይም።

ማኅበሩ ገንዘብ ከማውጣቱ በፊት የራሱ ጉድጓድ ውሃ ሳይጣራና ከተጣራ በኋላ ይመርመር፤ ከዱቄቱ ወደ ውሃው የገባ ብረታ ብረት መኖር አለመኖሩም ይታይ። ያገለገለው ዱቄት የያዘውን ፍሎራይድ እንደያዘ ስለሆነ በማሳም ሆነ በከብት ማጠጫ አጠገብ አይደፋ። የአጥንት ከሰል ማጣሪያ ያላቸው መንደሮች በእርሱ መጠቀማቸውን አያቋርጡ፤ ከሰሉ ሲደክም ግን ይለወጥ።