የጓሮ ዓሣ ኩሬን ውሃ ስለ ማጣራት

በጓሮው ኩሬ ቆፍሮ ቆሮሶ ወይም አምባዛ ለማርባት የሚያስብ ሰው ሁሉ አስቀድሞ ሊያውቀው የሚገባ አንድ ነገር አለ። ይኸውም ዓሣ የሚኖርበትን ውሃ ራሱ የሚመርዝ መሆኑ ነው። ዓሣ ከሚበላው ምግብ የሚመጣውን አሞንያ የተባለ መርዝ በስንጥቡ በኩል ያወጣል፤ የተረፈው መኖና ኩሱም ሲበሰብስ ይህንኑ መርዝ ይጨምራል። በሐይቅና በወንዝ ውሃው ብዙ ስለ ሆነ ጉዳቱ አይታወቅም፤ በጠባብ ኩሬ ግን ማታ ደኅና የነበረው ዓሣ ጧት ሞቶ ሊገኝ ይችላል። የብዙ ወር ድካምና የቤተ ሰብ ምግብ በአንድ ሌሊት ይጠፋል ማለት ነው።

ለዚህ መድኃኒቱ ባክቴሪያ የተባሉት በዓይን የማይታዩ ደቃቃን ሕያዋን ናቸው። ሰርጌይ ቪኖግራድስኪ የተባለው ሊቅ በ1890 እ.ኤ.አ. ከመረመራቸው ከእነዚህ ሕያዋን መካከል አንደኛው ወገን አሞንያውን ወደ ናይትራይት፣ ሁለተኛው ወገን ናይትራይቱን ወደ ናይትሬት ይለውጣል። ናይትራይትም እንደ አሞንያ መርዝ ነው፤ ናይትሬት ግን ለዓሣ ጉዳቱ እጅግ ያነሰ ሲሆን፣ ለአትክልት ምግብ ነው። እንግዲህ ማጣሪያ መሥራት ማለት ለእነዚህ ሠራተኞች ቤት መሥራት ማለት ነው።

አሠራሩ እንደሚከተለው ነው። 2,000 ሊትር ያህል ለሚይዝ ኩሬ፣ እያንዳንዳቸው 200 ሊትር የሚይዙ ሁለት የፕላስቲክ በርሜሎች ይበቃሉ። ፀረ ተባይ መድኃኒት ወይም ነዳጅ የነበረበት በርሜል ፈጽሞ አይሆንም።

1ኛ/ በርሜሎቹ ከኩሬው ከፍ ባለ ጠንካራ መደብ ላይ ይቆማሉ፤ የመጀመሪያው ከሁለተኛው አንድ ስንዝር ከፍ ይበል።

2ኛ/ በሰዓት 1,000 ሊትር የሚገፋ ትንሽ ፓምፕ ውሃውን ወደ መጀመሪያው በርሜል ያስገባል። በዚያ ውሃው ረጋ ሲል ዝቃጩ ወደ ታች ይወርዳል፤ ለማስወጫውም ከግርጌው መክፈቻ ይደረጋል።

3ኛ/ ከመጀመሪያው በርሜል አፍ አጠገብ የሚነሣ ቧንቧ ውሃውን ወደ ሁለተኛው በርሜል ግርጌ ያወርደዋል። በዚህ በርሜል ውስጥ በጡብ ላይ የተቀመጠ ቀዳዳ ያለው ርብራብ፣ ከላዩም የእንቁላል መጠን ያለው የታጠበ ድንጋይ ይደረጋል። በቢሾፍቱ አካባቢና በስምጥ ሸለቆ የሚገኘው ቀላልና ቀዳዳማ የእሳተ ገሞራ ድንጋይ፣ ለባክቴሪያ ብዙ ማረፊያ ስላለው ይመረጣል።

4ኛ/ ውሃው በድንጋዩ መካከል ወደ ላይ ወጥቶ፣ ከመግቢያው በሰፋ ቧንቧ ወደ ኩሬው ይመለሳል። ከከፍታ ሲወድቅ ከአየር ጋር ስለሚቀላቀል ለዓሣውም ለባክቴሪያውም ይጠቅማል።

ይህ ሁሉ ከተፈጸመ በኋላ መቸኰል አይገባም። ባክቴሪያው በድንጋዩ ላይ እስኪበረክት ከ4 እስከ 6 ሳምንት ይፈጃል፤ በደጋ ብርድ ደግሞ ይዘገያል። ስለዚህ በመጀመሪያ ጥቂት ዓሣ ብቻ ማግባትና መኖውን ማሳነስ ያስፈልጋል። ፓምፑ ሌሊትም ቢሆን መቆም የለበትም፤ ኦክስጅን ያጣ ባክቴሪያ ይሞታልና። ድንጋዩ ሲቆሽሽ በኩሬው ውሃ ብቻ ቀለል አድርጎ ማለቅለቅ ነው፤ በከተማ የቧንቧ ውሃ ያለው ክሎሪን ሠራተኞቹን ይፈጃቸዋል።

ዓሣው በንጋት ወደ ውሃው ገጽ ወጥቶ አፉን ከፈት ከደን የሚያደርግ ከሆነ ችግር መኖሩን ያመለክታል። ያን ጊዜ መኖውን አቋርጦ ከውሃው ሲሶውን መለወጥ ይገባል። የሚጨመረው የቧንቧ ውሃ ከሆነ፣ በክፍት ዕቃ አንድ ቀን ፀሐይ ላይ ይደር።

በኩሬው ዳር ፊላና ቄጠማ መትከል ናይትሬቱን ይቀንሳል። እምቦጭን ግን ማንም አያስገባ፤ በ2011 እ.ኤ.አ. በጣና ሐይቅ መግባቱ ከታወቀ ወዲህ ያደረሰው ጥፋት በቂ ማስጠንቀቂያ ነው። ከመጀመሪያው በርሜል የሚወጣው ዝቃጭ ደግሞ አይጣል፤ ለጎመንና ለሽንኩርት መደብ ጥሩ ማዳበሪያ ነው።