ለኤጀንት መሣሪያ ሲሰጡ፦ አጻጻፉና ፍተሻው

ቦንጋ ላይ ቡና የሚረከብ ሰው «ሃያ ፈረሱላ» ሲባል 340 ኪሎ መሆኑ ይገባዋል፤ ጀንፈል ይሁን የተቀሸረ ቡና ደግሞ ዓይኑ ይነግረዋል። ኤጀንት ይህን አያይም። ኤጀንት የምንለው የተሰጠውን ሥራ ለመፈጸም ሌሎች ሶፍትዌሮችን ራሱ እየመረጠ የሚጠራ የቋንቋ ሞዴል ነው። የሚጠራቸው በኤፒአይ፣ ማለትም አንድ ሶፍትዌር ከሌላው በሚጠይቅበት መንገድ ነው፤ የምንሰጠው እያንዳንዱ ጥሪም «መሣሪያ» ይባላል። ከመሣሪያው ጀርባ ያለው ኮድ ለሞዴሉ አይታይም። የሚያነበው ስሙን፣ ገለጻውንና የሚሞሉ መስኮቹን ብቻ ነው።

ምሳሌውን ከማሳ መዝገብ እንውሰድ። የአውሮፓ ኅብረት ደንብ ቁጥር 2023/1115 ከታኅሣሥ 22 ቀን 2013 (እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 31 ቀን 2020) በኋላ ደን ከተመነጠረበት መሬት የተገኘ ቡና ወደ ኅብረቱ ገበያ እንዳይገባ ይከለክላል፤ የማሳውንም መገኛ ይጠይቃል። ከከፋ ዞን ወደ አውሮፓ ቡና ለሚልክ ማኅበር ይህ ብዙ መዝገብ ማለት ነው። መዝገቡን ለኤጀንት ለመክፈት ካሰቡ በሚከተለው ቅደም ተከተል ይሥሩ።

1. ስምና ወሰን። «ፈልግ» የሚባል መሣሪያ ምንም አይናገርም፤ «ማሳ በመለያ ቁጥር ፈልግ» ይበሉት። ገለጻው ላይ መቼ እንደማይጠቅምም ይጻፉ። የርክክብ መጠን የሚያሳይና ክፍያ የሚያሳይ ሁለት መሣሪያ ካለዎት ልዩነታቸው በሁለቱም ላይ ይጻፍ። ብዙ መሣሪያ መደርደር ኤጀንቱን አያጎብዘውም፤ ምርጫውን ያበዛበታል እንጂ።

2. መስኮች። አብዛኛው ጥፋት የሚገባው እዚህ ነው፤ ጊዜዎን እዚህ ያጥፉ።

ክብደት፦ ኪሎ ወይስ ፈረሱላ? እሸት፣ ጀንፈል ወይስ የተቀሸረ? መለኪያውና የቡናው ዓይነት የየራሳቸው መስክ ይኑራቸው።

ቀን፦ በመጋቢት 2013 የተመነጠረ መሬት በደንቡ አያልፍም። ኤጀንቱ 2013ን በአውሮፓ አቆጣጠር ካነበበው ግን ከቀነ ገደቡ ከሰባት ዓመት በላይ ቀድሞ የተመነጠረ ይመስለውና «ችግር የለበትም» ይላል። እንዲህ ያለው ስህተት መልሱ ትክክል ስለሚመስል ማንም ሳያየው ያልፋል። የዘመን አቆጣጠሩን በመስኩ ስም ውስጥ ያስገቡት፤ ሰዓትም ከተመዘገበ «ከጠዋቱ ሦስት» በየትኛው አቆጣጠር እንደሆነ ይጻፉ።

መገኛ፦ ደንቡ ከነጥብ በኋላ ቢያንስ ስድስት አሃዝ ያለው ኬክሮስና ኬንትሮስ ይፈልጋል፤ ከ4 ሄክታር በላይ ለሆነ ማሳ ደግሞ ዙሪያውን የሚያሳይ መስመር። ቦንጋ ያለችው በ7.27 ሰሜንና በ36.25 ምሥራቅ አካባቢ ነው። ሁለቱ ቁጥሮች ቦታ ከተለዋወጡ ማሳው ሰሜን ምሥራቅ አልጄሪያ ላይ ይገኛል። መስኮቹን ለየብቻ ይሰይሙ፤ ኬክሮሱ ከ3 እስከ 15፣ ኬንትሮሱ ከ33 እስከ 48 ካልሆነ መሣሪያው ራሱ አልቀበልም ይበል።

ስም፦ «የቤተሰብ ስም» የሚል መስክ የአባትን ወይም የአያትን ስም ይዞ ይመጣል። ኃይሉ፣ ሀይሉ፣ ሃይሉ እየተባለ በሚጻፍበት መዝገብ በስም ብቻ መፈለግ አያዋጣም፤ ቁልፉ መለያ ቁጥር ይሁን።

3. የስህተት መልስ። «አልተመዘገበም»፣ «ተመዝግቧል፣ መገኛው ግን አልገባም» እና «ኔትወርክ ተቋርጧል» ሦስት የተለያዩ መልሶች ናቸው። ለሦስቱም ባዶ ዝርዝር ከተመለሰ ኤጀንቱ ገበሬውን «አልተመዘገበም» ብሎ ይሸኘዋል። መልእክቱ ቀጥሎ ምን እንደሚደረግም ይናገር፤ «መለያ ቁጥሩን አረጋግጥና ድገም» ዓይነት። ክፍያ ወይም ርክክብ የሚመዘግብ መሣሪያ ከሆነ ለእያንዳንዱ ጥያቄ አንድ የማይደገም ቁጥር ይሰጠው። ኔትወርክ ተቋርጦ ጥያቄው ሲደገም ሁለት ጊዜ እንዳይመዘገብ የሚያደርገው ይህ ነው። ክፍያን ያለ ሰው ማረጋገጫ አይፍቀዱ።

4. ግምገማ። ጥያቄዎቹን ቢሮ ተቀምጠው አይፍጠሩ፤ ርክክብ ላይ ያለው ሠራተኛ የሚጠየቃቸውን፣ በሚጠየቅበት ቃል ይሰብስቡ። የከፋ ቋንቋ የሆነው ካፊኖኖ የተቀላቀለበትም ይኑር። ትክክለኛውን መልስ መዝገቡን የሚያውቅ ሰው አስቀድሞ ይጻፍ።

ሦስት ነገር ለየብቻ ያርሙ፦ የመረጠው መሣሪያ፣ የሞላቸው መስኮች፣ የሰጠው መልስ። በተሳሳተ መንገድ ትክክለኛ መልስ ላይ ከደረሰ ወድቋል ይበሉ፤ ነገ አይደግመውም። ምንም መሣሪያ የማያስፈልጋቸውንና መልስ የሌላቸውን ጥያቄዎችም ይጨምሩ። ሞዴል ለአንድ ጥያቄ ሁሌ አንድ ዓይነት መልስ ስለማይሰጥ እያንዳንዱን ደጋግመው ይጠይቁ።

ሲያሻሽሉ በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ ይቀይሩ። የተወሰኑ ጥያቄዎችን ለመጨረሻው ፈተና ይደብቁ፤ የሞዴሉ ስሪት ሲቀየር ሁሉንም እንደገና ያስኬዱ። ብዙ ሰው ውጤቱ ሲያንስ ሞዴሉን ለመቀየር ይቸኩላል፤ መጀመሪያ መታየት ያለበት ገለጻው ነው። እ.ኤ.አ. በ2024 የወጣው ሞዴል ኮንቴክስት ፕሮቶኮል መሣሪያን ከሞዴል ጋር ማገናኘትን አቅልሏል፤ የተድበሰበሰ ገለጻን ግን አያቃናም።

5. የሙከራ መረጃ። ፍተሻው በመዝገቡ ቅጂ ላይ እንጂ በሚሠራበት መዝገብ ላይ አይካሄድም። ከቅጂው የገበሬዎቹን ስም፣ ስልክና የባንክ ሂሳብ አውጥተው በተፈጠሩ ይተኩ። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ወጥቷል፤ ሞዴሉ ደግሞ ብዙውን ጊዜ የሚሠራው ከአገር ውጭ ባለ ሰርቨር ላይ ነው።