አዲስ የዩቲዩብ ቻናል ማሳደግ፦ ከሰብስክራይበር በፊት መቆጠር ያለባቸው ነገሮች

ዛሬ ኮድ አንጽፍም። የምናውቀውን ኮድ በአማርኛ ቪዲዮ ለሌሎች እንዴት እናድርስ በሚለው ላይ ነው የምናወራው።

እኔም ከሥራ መልስ ማታ ማታ እየቀረጽኩ ነው የጀመርኩት። የመጀመሪያው ቪዲዮዬ ስለ ድረ ገጽ አሠራር ነበር። ሊንኩን አገር ቤት ላለው የአክስቴ ልጅ ላክሁለት፤ መማር ይፈልግ ነበርና። በማግስቱ እንዲህ ብሎ መለሰልኝ፦ «ጥሩ ነው፤ ግን አንተ ሰላምታህን ሳትጨርስ ፓኬጄ አለቀ።»

ሳቅኩ። ከዚያ ቪዲዮውን ከፍቼ ሰዓት ያዝኩ። ሙዚቃ፣ የሚሽከረከር ሎጎ፣ ራሴን ማስተዋወቅ፣ «ሰብስክራይብ ማድረግ እንዳትረሱ»… የመጀመሪያዋን የኮድ መስመር የጻፍኩት ከ4ኛው ደቂቃ በኋላ ነበር። እኔ ገደብ በሌለው ዋይፋይ ተቀምጬ የቀረጽኩትን እሱ በሚቆጠር ሜጋባይት ነው የሚያየው። ሳቄ እዚያ ላይ ቆመ።

አዲስ ቻናል የሚያድገው የአንድን ሰው ጥያቄ ሳያስጠብቅ ሲመልስ ነው። ሌላው ሁሉ ከዚህ ይከተላል።

1. ለአንድ ሰው አንድ ጥያቄ መልሱ

«ስለ ቴክኖሎጂ የሚያወራ ቻናል» ማለት ለማንም ያልተሠራ ቻናል ማለት ነው። ከመቅረጻችሁ በፊት አንድ የምታውቁትን ሰው አስቡና ጥያቄውን በራሱ አነጋገር ጻፉት። «የኤችቲኤምኤል መግቢያ» ከማለት «ኮምፒውተር ሳይኖረኝ በስልኬ ድረ ገጽ መሥራት እችላለሁ?» የሚለው ይሻላል። ሁለተኛው የእውነት ሰው የሚጠይቀው ነው።

2. ሰዉ በሚጽፍበት ፊደል ተገኙ

ይህ የእኛ ቋንቋ የተለየ ፈተና ነው። «ድረ ገጽ አሠራር» የሚለውን ርዕስ ውሰዱ። አንዱ «ገጽ» ይላል፣ ሌላው «ገፅ»፤ አንዱ «አሠራር»፣ ሌላው «አሰራር»፤ አንዱ «ድረ ገጽ» ብሎ ይለያል፣ ሌላው «ድረገጽ» ብሎ ያያይዛል። 2 × 2 × 2፤ ለአንድ ርዕስ 8 አጻጻፍ!

ለጆሮ አንድ ቢሆኑም ለኮምፒውተር የተለያዩ ናቸው። በዩኒኮድ «ጽ» ቁጥሯ 4925 ሲሆን የ«ፅ» ደግሞ 4933 ነው። የዩኒኮድ መደበኛ ኖርማላይዜሽንም እነዚህን አንድ አያደርጋቸውም፤ ፕሮግራመሩ ራሱ ካላመሳሰላቸው ተለያይተው ይቀራሉ። ስለዚህ ፍለጋው ሁሉንም ያገኝልኛል ብላችሁ አትመኑ። የተለያየውን አጻጻፍ እየጻፋችሁ ራሳችሁ ሞክሩት፤ አማርኛን በላቲን ፊደል የሚጽፈውንም ሰው አትርሱ።

በርዕሱ ላይ ትክክለኛውን አጻጻፍ ተጠቀሙ፤ ሌሎቹን በታግ አስገቧቸው። ዩቲዩብ ራሱ ታግ ለፍለጋ ያለው ድርሻ አነስተኛ እንደሆነና በዋናነት የሚጠቅመው ሰዎች አዘውትረው አሳስተው ለሚጽፏቸው ቃላት እንደሆነ ይናገራል። የእኛ ጉዳይ ደግሞ በትክክል ይኸው ነው። ቪዲዮው ከወጣ በኋላ በዩቲዩብ ስቱዲዮ አናሊቲክስ ውስጥ ተመልካች ከየት እንደመጣ የሚያሳየውን ክፍል ክፈቱ። ሰዎች በፍለጋ ሲመጡ የጻፉትን ቃል ያሳያችኋል፤ ቀጣዩን ርዕስ ከዚያ ውሰዱ።

3. በትንሽ ስልክ ፈትኑት

የግዕዝ ፊደል ሲያንስ ይጨማለቃል፤ ተምኔይል ላይ ከሦስት ወይም ከአራት ቃል በላይ አትጻፉ። ኮድ ስታሳዩ ፊደሉን አሳድጉ። ከመልቀቃችሁ በፊት ቪዲዮውን በስልክ፣ በ360 ጥራት ተመልከቱት። ኮዱ ካልተነበበ እንደገና ቅረጹ። ዳታ ለመቆጠብ ጥራት የሚቀንስ ተመልካች የሚያየው ይህንኑ ነው።

4. የመጀመሪያዎቹን 30 ሰከንዶች አክብሩ

በመጀመሪያ የተጠናቀቀውን ውጤት አሳዩ፤ ወዲያው ሥራ ጀምሩ። ሰላምታ ባህላችን ነው፤ ግን «ሰላም» አንድ ቃል ነው፣ ይበቃል። ቪዲዮው ረዘም ካለ በማብራሪያው ላይ የሰዓት ምልክት እየሰጣችሁ በምዕራፍ ክፈሉት። የመጀመሪያው ምልክት 0:00 መሆን አለበት፤ ቢያንስ ሦስት ምዕራፍ ያስፈልጋል፣ እያንዳንዱም ከ10 ሰከንድ ማነስ የለበትም። ተመልካቹ የሚፈልገው ቦታ ላይ ዘሎ ይደርሳል፤ ፓኬጁም ይተርፍለታል።

5. ሁለት ቁጥር ብቻ ተከታተሉ

አንደኛው ተምኔይሉ ሲታይ ከመቶ ስንት ጊዜ እንደሚጫን ነው። እንደ ዩቲዩብ ገለጻ ከቻናሎችና ከቪዲዮዎች ግማሹ ከ2 እስከ 10 በመቶ ባለው መካከል ይገኛሉ፤ ቪዲዮው ገና ከ100 ጊዜ በታች ከታየ ግን ቁጥሩ ብዙ ስለሚዋዥቅ አትደናገጡ።

ሁለተኛው ተመልካች ምን ያህል እንደሚቆይ ነው። ግራፉ በድንገት የወረደበትን ሰከንድ ፈልጉና ያን ጊዜ ምን እያደረጋችሁ እንደነበር ተመልከቱ። ለፕሮግራመር ይህ ከስህተት መልእክት አይለይም፤ የተበላሸበትን መስመር ይነግራችኋል።

የቆይታን ዋጋ በስሌት እንየው። ለሙሉው የማስታወቂያ ገቢ 1,000 ሰብስክራይበርና በ12 ወር ውስጥ 4,000 የእይታ ሰዓት ያስፈልጋል (በአጫጭር ቪዲዮ ለሚሄድ መስፈርቱ ሌላ ነው)። 4,000 ሰዓት 240,000 ደቂቃ ነው። ሰው በአማካይ 3 ደቂቃ ከቆየ 80,000 እይታ ይጠይቃል፤ 6 ደቂቃ ከቆየ 40,000 ይበቃል። ቆይታን እጥፍ ማድረግ መንገዱን በግማሽ ያሳጥራል።

6. «ደምሩኝ፣ እደምራችኋለሁ» ይቅርባችሁ

በየግሩፑ የሚደረገው የሰብስክራይብ ልውውጥ በዩቲዩብ ደንብ የተከለከለ ነው። ባይከለከል እንኳ አይጠቅምም። የተደመረው ሰው ቪዲዮውን አያይም፤ የእናንተም ቁጥር ሰው የሌለበት አዳራሽ ይሆናል።

እኔ ያንን ቪዲዮ አውርጄ እንደገና ቀረጽኩት፤ ኮዱ ከመጀመሪያው ደቂቃ ጀመረ። ቻናሌ አሁንም ትንሽ ነው። ከሳምንት በኋላ ግን የአክስቴ ልጅ በስልኩ የሠራትን ባለ አንድ ገጽ ድረ ገጽ ፎቶ አንስቶ ላከልኝ። ርዕሷ ላይ ስሙን ጽፏል፤ አንድ ታግ መዝጋት ረስቷል። ሁለተኛው ቪዲዮዬ ያልተዘጋ ታግ እንዴት እንደሚፈለግ ሆነ።

የቤት ሥራ፦ በዚህ ሳምንት አንድ ሰው የጠየቃችሁን አንድ ጥያቄ ምረጡ፤ ከ5 ደቂቃ ባልበለጠ ቪዲዮ መልሱለት፤ ለእሱም ላኩለትና የት ላይ እንዳቋረጠ ጠይቁት።