ከ200 ጆንያ ስንቱን እንክፈት?

ለወገን የሚከፋፈል በቆሎ መጋዘን ሲደርስ ተረካቢው ኮሚቴ ብዙውን ጊዜ በበሩ አጠገብ ካሉት ጆንያዎች ሁለት ሦስቱን ፈትቶ፣ እህሉን በመዳፉ አሽቶ ይፈርማል። ይህ ናሙና መውሰድ አይባልም። ሻጭ ለዓይን የሚያምረውን ከፊት እንደሚያስቀምጥ ገበያ የወጣ ሁሉ ያውቀዋልና።

በናሙና አወሳሰድ እያንዳንዱ ጆንያ እኩል የመመረጥ ዕድል ሊኖረው ይገባል። ስለዚህ ለጆንያዎቹ ቁጥር ሰጥተን ዕጣ እናወጣለን። ይህ ካስቸገረ መነሻውን ብቻ ከ1 እስከ 10 ካሉት ቁጥሮች በዕጣ ለይተን፣ ከዚያ በየ10ኛው እንወስዳለን። ነገር ግን በክምሩ እያንዳንዱ ረድፍ 10 ጆንያ ከያዘ ዕጣው ሁልጊዜ በአንድ ቦታ ላይ ይወድቃል፤ እርጥብ ግድግዳ የነካው ዳር ሳይታይ ሊቀር ይችላል። ከተለያዩ ማኅበራት የመጣ እህል ደግሞ በየምንጩ ተለይቶ ሊፈተሽ ይገባል።

ብዛቱስ? ከ200 ጆንያ 20ው ነቀዝ ገብቶባቸዋል እንበል። 5 ብቻ ብንከፍት አንድም ነቀዛም ጆንያ ሳይገጥመን የመቅረቱ ዕድል 59 በመቶ ያህል ነው። 10 ብንከፍት 34 በመቶ ይሆናል። ብዙዎች የሚከተሉት የጠቅላላውን ቁጥር ስኩዌር ሩት የመውሰድ ልማድ 14 ጆንያ ያስከፍተናል፤ የመሳሳት ዕድሉም ገና 22 በመቶ ነው። ከ5 በመቶ በታች ለማውረድ 27 ጆንያ ያስፈልጋል። የሚያስገርመው፣ ክምሩ 2,000 ጆንያ ሆኖ የነቀዘው ያው ከ10 አንዱ ቢሆን 29 መክፈት ይበቃል። ከክምሩ መቶኛ እያሰሉ ናሙና መወሰን እንግዲህ ትልቁን ክምር ያለ ፍሬ ያደክማል፣ ትንሹን ያለ ጥበቃ ይተዋል። ቁጥሩ ከመወሰኑ በፊት ኮሚቴው ምን ያህል ስሕተት መሸከም እንደሚችል መነጋገር አለበት። እህሉ ለሕፃናት ምግብ የሚውል ከሆነ 22 በመቶ በእኛ አስተያየት የማይታሰብ ነው።

ይህ ሁሉ ግን በዓይን ለሚታይ ጉድለት ነው። ከሻጋታ የሚመነጨው አፍላቶክሲን በዓይን አይለይም፤ በእህሉ ውስጥም በእኩል አይሰራጭም፣ በጥቂት ፍሬዎች ላይ ይከማቻል። እዚህ ላይ ጆንያ መቁጠር ብቻውን አይረዳም። ከብዙ ጆንያዎች፣ ከላይ፣ ከመካከልና ከታች በመውጊያ ጥቂት ጥቂት ተወስዶ ይደባለቃል፤ ከዚያም ሁሉም ተፈጭቶ ከዱቄቱ ወደ ላቦራቶሪ ይላካል። ከአንድ ጆንያ አፍ አንድ እፍኝ ዘግኖ መላክ የምርመራውን ክፍያ ማባከን ነው።