የሚበር ሰው ከመሬት ይጀምራል

የዛሬው ትምህርት በአንድ ስልክና በአንድ በርጩማ ሰው በአየር ላይ ሲሄድ ማሳየት ነው። የማስተምረው በመሐል ሜዳ፣ በራቤልና በዓለም ከተማ ድራማና አጭር ፊልም የሚሠሩ ወጣቶችን እያሰብኩ ነው። ገንዘብ ያጥራቸዋል። ገደሉ፣ ጉሙ፣ አውድማውና ሰፊው ሰማይ ግን በደጃቸው ነው፤ ለዚህ ሥራ ደግሞ ከገንዘብ ይልቅ የሚጠቅሙት እነዚህ ናቸው።

አስቀድመን አንድ ነገር እንጠይቅ። ተመልካች ሰው መብረሩን የሚያምነው ምን ሲያይ ነው? ጀማሪው «ሰማይ ሲያይ» ብሎ ከሰውየው ጀርባ ደመና ይሞላል። ነገሩ ግን እንዲህ አይደለም። መንዝ ውስጥ፣ ጓሳ ሜዳ ላይ ቆማችሁ አጥንት ይዞ ወጥቶ አለት ላይ የሚጥለውን ትልቁን አሞራ ተመልከቱ። ከፍታው የሚታወቃችሁ ጥላው ሣሩን እየጠረገ ሲያልፍ ነው። እንግዲህ መብረርን የሚመሰክረው መሬቱ ነው፤ ከሥር የሚሄደው ጥላ፣ ልብሱን የሚመታው ነፋስ፣ ቀና ብለው የሚያዩት ሰዎች ፊት። ይህን የያዘ ሰው የቀረው ሁሉ ይቀለዋል።

በዚህ አገር ለሚበር ሰው እንግዳ የሆነ ዐይን የለም። በሸዋ፣ በጽላልሽ ዞረሬ የተወለዱት አቡነ ተክለ ሃይማኖት በየቤተ ክርስቲያኑ ግድግዳ ላይ በስድስት ክንፍ ተሥለው ይታያሉ። ገድላቸው እንደሚለው ከደብረ ዳሞ ገደል ሲወርዱ ሰይጣን ገመዱን ቢቆርጠው ክንፍ ተሰጣቸው። አንድ ሰንበት ትምህርት ቤት ይህን ታሪክ መቅረጽ ቢፈልግ ምን ይመከራል? እኔ የምመክረው ጻድቁን ሲበሩ ጨርሶ አለማሳየትን ነው። በመጀመሪያው ሾት እጅ ገመዱን ይዟል። በሁለተኛው ገመዱ ባዶውን መሬት ላይ ይወድቃል። በሦስተኛው የስድስት ክንፍ ጥላ በድንጋዩ ላይ ያልፋል። ጥላውን ለማግኘት ከካርቶን ክንፍ ቆርጣችሁ በረጅም ዘንግ ላይ አስራችሁ በፀሐይ ፊት መሄድ ነው። ደካማ የሆነ ሥዕላዊ ብልሃት የተመልካቹን እምነት ያሳፍራል፤ ጥላው ግን አክብሮ ያሳያል። እንዲህ ያለውን ታሪክ ከመንካታችሁ በፊትም አባቶችን ጠይቁ።

አሁን ሰውየው ራሱ መታየት ያለበት ሲሆን ወደ በርጩማው እንሂድ። ስልኩን በትራይፖድ ላይ፣ ትራይፖድ ከሌለ በድንጋይ መካከል አጽንታችሁ አስቀምጡ። ከዚህ በኋላ ማንም አይንካው። መቅረጫውን ስትጫኑ እንዳይነቃነቅ በጆሮ ማዳመጫው ቁልፍ አስነሡት። ጣታችሁን ስክሪኑ ላይ አቆይታችሁ ብርሃኑንና ፎከሱን ቆልፉ። መጀመሪያ ሰው የሌለበትን ባዶ ቦታ ቅረጹ። ቀጥሎ በዚያው ቦታ በርጩማውን አድርጋችሁ ተዋናዩ በሆዱ ይተኛበት። ኤዲት ስታደርጉ ባዶውን ከታች፣ ሰው ያለበትን ከላይ ደርባችሁ በርጩማውን ብቻ በማስክ ትቆርጣላችሁ። በተቆረጠው ቦታ ባዶው መሬት ይወጣል፤ ሰውየውም ተንሳፍፎ ይቀራል። ካፕካትና ኪንማስተር የተባሉት የስልክ መተግበሪያዎች ይህን ይሠራሉ።

ይህ ቀላል ነው፤ የሚያጋልጠው ግን ብዙ ነው። በበርጩማ ላይ የተኛ ሆድ ይጨፈለቃል። ስለዚህ ተዋናዩ ደረቱን ያቅና፣ ጉልበቱን ይወጥር፣ አንገቱን ወደሚሄድበት ያንሣ፤ ካሜራውን አይመልከት። ጋቢው በርጩማው ጠርዝ ላይ ተኝቶ ከቀረ ቀጥ ያለ መስመር ይሠራል፤ ወደ ታች ሳቡትና ይንጠልጠል። ነፋሱን ከፍሬም ውጪ ያለ ጓደኛ በሰፌድ ያራግብለት፤ ከሚበርበት አቅጣጫ ፊት ለፊት እንጂ ከኋላው አይሁን።

ቦታውን ስትመርጡ የጓሳ ሣር አይሁን። ሣሩ በነፋስ ስለሚወዛወዝ ባዶው ሾትና ሰው ያለበት ሾት በማስኩ ጠርዝ ላይ አይገጥሙም። ገብሱ ተወቅቶ ያለቀበት አውድማ፣ ወይም ሜዳማ አለት ከሁሉ ይሻላል። ባዶውንና ሰው ያለበትን ደግሞ ተከታትላችሁ፣ ደመና ሳይለወጥ ቅረጹ። መንዝ ላይ ብርሃን ቶሎ ይለዋወጣል።

ጥላው እዚህ ይመለሳል። ማስኩ በርጩማውን ሲቆርጥ የሰውየውን ጥላም ከሥሩ ይቆርጠዋል፤ ጥላ የሌለው ሰው ደግሞ የተለጠፈ ወረቀት ይመስላል። መፍትሔው ሁለት ነው። አንደኛው የጉም ቀን መምረጥ ነው፤ በጉም ብርሃን ደማቅ ጥላ የለም፤ ለጀማሪ ከዚህ የተሻለ ቀን አላውቅም። ሁለተኛው የቀትር ፀሐይ ነው። መንዝ ከምድር ወገብ በስተሰሜን በ10 ዲግሪ ገደማ ላይ ስለሚገኝ ፀሐይ በዓመት ሁለት ጊዜ፣ በሚያዝያ ሁለተኛ ሳምንትና በነሐሴ ሁለተኛ አጋማሽ፣ ከአናት በላይ ትቆማለች። ነሐሴ ክረምት ነውና ሚያዝያን ተጠቀሙ። ከቀኑ 6 ሰዓት ተኩል ገደማ የሰውየው ጥላ በቀጥታ ከሥሩ ይወድቃል፤ የበርጩማውም ጥላ በእርሱ ውስጥ ይዋጣል። ባዶውን ስትቀርጹ በሰው ቅርጽ የተቆረጠ ካርቶን ከፍሬም በላይ በዘንግ ያዙ፤ ጥላው በዚያው ቦታ ይረፍ። በርጩማው ሲቆረጥ ጥላው ይቀራል።

ከፍታ ለማሳየት ወደ ገደል አፋፍ አትጠጉ። የጀማን ሸለቆ ከጀርባ አድርጋችሁ፣ ከአፋፉ ብዙ እርምጃ ወደ ውስጥ ገብታችሁ፣ ካሜራውን ከመሬት አስጠግታችሁ አስቀምጡ። ቅርቡ መሬት ከፍሬም ይወጣል፤ ከሰውየው ኋላ የሚታየው የሸለቆው ማዶ ብቻ ይሆናል። ሰውን በገመድ አትስቀሉ። ያልሠለጠነ ሰው በገመድ መሰቀል አጥንት ይሰብራል፣ ነፍስም ያጠፋል፤ ለዚህ የሚሆን አንድም ሾት የለም።

በርጩማ ለሌለው ዝላይ አለ። ካናዳዊው ኖርማን ማክላረን በ1952 እ.ኤ.አ. በሠራው «ጎረቤታሞች» በተባለ የ8 ደቂቃ ፊልም ሰዎች እግራቸው መሬት ሳይነካ ሲንሸራተቱ ይታያሉ። ተዋናዩ ይዘላል፤ እርሱ ከፍ ባለበት ቅጽበት ካሜራው አንዲት ፍሬም ብቻ ይይዛል፤ ጥቂት ወደፊት ሄዶ እንደገና ይዘላል። ፊልሙ ኦስካር አግኝቷል። እናንተ ዝላዮቹን በቪዲዮ ቅረጹና ከእያንዳንዱ ከፍተኛውን ፍሬም ምረጡ፤ ለአንድ ሰከንድ 12 ዝላይ ይበቃል። ጓሳ ከ3,200 ሜትር በላይ ነውና ትንፋሽ ያጥራል፤ ተዋናዩን በየመሐሉ አሳርፉት።

አንድ ዝላይ ብቻ ከሆነ ደግሞ ዝግ ያለ ቀረጻን ተጠቀሙ። 40 ሴንቲ ሜትር የዘለለ ሰው በአየር ላይ የሚቆየው ከግማሽ ሰከንድ ጥቂት ይበልጣል፤ የዚያም ጊዜ ግማሹ የሚያልፈው በላይኛው 10 ሴንቲ ሜትር ላይ ነው። በሰከንድ 120 ፍሬም ቀርጻችሁ በ30 ብታሳዩት ያ ዝላይ ከ2 ሰከንድ በላይ ይሆናል። እግሩ ሲነሣና ሲያርፍ ያለውን ቆርጣችሁ ጣሉ።

ከሩቅ የሚታይ ነገርም አትናቁ። ሚጌል ላንሶ በኢትዮጵያ ቀርጾ በ2015 እ.ኤ.አ. ባወጣው፣ ዳንኤል ታደሰ በተወነበት «ክረምብስ» ፊልም ውስጥ የጠፈር መርከብ በሰማይ ተንጠልጥላ ትታያለች። ከሥሯ ያሉት ሰዎች ግን ኑሯቸውን ይኖራሉ፤ የሚያሳምነውም ይህ ነው። የእናንተም በራሪ በሰማይ ጥግ ትንሽ ሆኖ ሲያልፍ ከፊት ለፊት እረኛ በጎቹን ይንዳ፤ አንድ ጊዜ ብቻ ቀና ይበል።

የመጨረሻው ማረፊያው ነው፤ ብዙዎች ይረሱታል። ተዋናዩን ከበርጩማ ላይ አዝልሉት፤ ከጉልበቱ በታች ብቻ ቅረጹ። ጉልበቱ ይታጠፍ፤ አቧራ ይነሣ፤ የጋቢው ጫፍ ከእግሩ ጥቂት ዘግይቶ ይረፍ። የእግሩን ድምፅና የጨርቁን መርገብገብ በሌላ ጊዜ፣ ነፋስ በሌለበት ቤት ውስጥ፣ ስልኩን አስጠግታችሁ ለብቻ ቅዱና ከሥዕሉ ጋር አግጥሙት።