የጎመን ቅመም በእንስሳት ሆድ ስለሚለወጥበት ሁኔታ

ሰናፍጭ የምታሰናዳ ባልቴት ሁሉ እንደምታውቀው፥ ፍሬው ደረቅ ሳለ ቢሸተት አፍንጫን አይነካም፤ ተፈጭቶ በውሃ በተለወሰ ጊዜ ግን ዓይን ያስለቅሳል። ምክንያቱ ይህ ነው። በሰናፍጭ፥ በጎመን፥ በጥቅል ጎመንና በጎመን ዘር ውስጥ ሊቃውንት ግሉኮሲኖሌት ብለው የሰየሙት ቅመም አለ። ከእርሱም ተለይቶ የተቀመጠ ሚሮሲኔዝ የሚባል ኢንዛይም አለ። ተክሉ በጥርስ ወይም በወፍጮ በደቀቀ ጊዜ ሁለቱ ይገናኛሉና፥ ቅመሙ ተሰብሮ የሚያቃጥለውን ነገር ያወጣል። ይህም ተክሉን ከተባይ የሚጠብቅ ጋሻው ነው።

እንግዲህ ይህ ወደ እንስሳ ሆድ በገባ ጊዜ ምን ይሆናል? ከሚያቃጥለው ነገር ብዙው በሰውነት ውስጥ ግሉታታዮን ከሚባለው ጋር ተጣምሮ ኃይሉን ካጣ በኋላ በሽንት ይወጣል። ታዮሲያኔት የሚባለው ስብርባሪ ግን ወደ ደም ገብቶ፥ በአንገት ያለው እጢ አዮዲን እንዳይስብ ይከለክላል። እጢውም አዮዲን ሲያጣ ያብጣል፤ ይኸውም እንቅርት ነው። እንደ ኤውሮጳ አቈጣጠር በ1928 ዓ.ም. በአሜሪካ አገር በባልቲሞር ከተማ የነበሩ ሐኪሞች፥ ዋና ምግባቸው ጥቅል ጎመን የሆነ ጥንቸሎች እንቅርት እንዳወጡ ጽፈዋል።

እንስሳት ሁሉ ግን እኩል አይጎዱም። የሚያመሰኩት፥ ማለት ላም፥ በግና ፍየል፥ በጨጓራቸው የሚኖሩ በዓይን የማይታዩ ነፍሳት ቅመሙን ስለሚለውጡላቸው ከዶሮና ከአሳማ ይልቅ ይችሉታል። ጥጃና ግልገል ግን ጨጓራቸው ገና አልጠናምና ይህ ረድኤት የላቸውም።

ሆኖም እነዚያው ረዳቶች በሌላ መንገድ ይጎዳሉ። በጎመን ቅጠል ውስጥ ድኝ ያለበት ሌላ ቅመም አለ፤ የጨጓራ ነፍሳት ይህን ሲለውጡት ቀዩን ደም የሚያፈርስ ነገር ይወጣል። ጎመን ብቻ ለሳምንታት የበላች ላም ደሟ አንሶ ትደክማለች፤ ሽንቷም ይቀላል።

ስለዚህ ሹማምንትና ባለ ከብቶች ይህን አስተውሉ።

1ኛ፤ የጎመን ዘር ፋጉሎ ሥጋን የሚገነባ መልካም መኖ ነው፤ ነገር ግን ዘይቱ ሲወጣ ቅመሙ በፋጉሎው ይቀራል። ስለዚህ በጥቂቱ ተጀምሮ፥ ከኑግ ፋጉሎና ከድርቆሽ ጋር ተቀላቅሎ ይሰጥ።

2ኛ፤ ፋጉሎውን ማሞቅ ኢንዛይሙን ያጠፋል፤ ነገር ግን በሆድ ያሉት ነፍሳት ያንኑ ሥራ ይሠራሉና ማሞቅ ብቻውን አያድንም።

3ኛ፤ የጎመን ቅጠል ከከብቱ ጠቅላላ መኖ ከ3 እጅ 1 እጅ አይብለጥ።

4ኛ፤ ለእርጉዞችና ለሚታለቡት አዮዲን ያለበት ጨው ይሰጣቸው። አዮዲን ያነሳት በግ እንቅርት ያለበት ደካማ ግልገል ትወልዳለችና፤ ታዮሲያኔትም በወተት ያለውን አዮዲን ይቀንሳል።

የላም ሽንት ቀልቶ ያየ ሹምም፥ የመዥገር በሽታ ነው ብሎ ከመቍረጡ በፊት፥ ላሚቱ በእነዚህ ሳምንታት ምን ስትበላ እንደ ሰነበተች እረኛውን ይጠይቅ። ምክንያቱ ጎመኑ ከሆነ ቅጠሉ ይከልከል፥ ድርቆሽም ይሰጣት።